ባሌ በስልኩ መክፈል ሲጀምር

ባሌ በስልኩ መክፈል የጀመረው ከሥራ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። የነዳጅ ዋጋ ወደቀ ተባለና ካልጋሪ ውስጥ ሰው በየቀኑ ይቀነስ ነበር። እሱ የሚሠራበት የቧንቧ መጋዘንም ተዘጋ፤ ቦት ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሎ ቤት ገባ። ከዚያ ወዲህ ሳድል ሪጅ ያለውን ቤታችንን ያቆየነው እኔ ከአረጋውያን መኖሪያ ሠርቼ በማመጣው ደሞዝ ብቻ ነው። ሥራ መፍታቱን ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው ባንክ ሄዶ ካርዱን ስልኩ ላይ አስጭኖ መጣ።

«ሌባ ቢወስደው እንኳ ያለ እኔ ጣት አይከፍልም። ሴኩሪቲው ጉድ ነው!» አለኝ ስልኩን እያገላበጠ።

«እኔ መቼ ሌባ ፈራሁ?» አልኩት። የገባው አልመሰለኝም።

እኔ የምፈራው እሑድን ነበር። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአንድ ባልና ሚስት ጋር ራንድል ወዳለ ምግብ ቤት እንሄዳለን። ሰውየው አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ሰሜን በሚገኝ የነዳጅ ሠራተኞች ካምፕ ወጥ ቤት የሚሠሩ ናቸው። እሳቸውን ጋሼ፣ ሚስታቸውን እትዬ እንላቸዋለን። እዚህ አገር ስንመጣ የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው ኮራል ስፕሪንግስ ባለው ቤታቸው ቤዝመንት ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተቀበሉንም።

ድሮ ሒሳብ ሲመጣ ትግል ነበር። ባሌ «አፈር ስሆን!» ይላል፤ ጋሼ «እኔ ልሙት!» ይላሉ። አንዱ የሌላውን እጅ ይይዛል፣ ገንዘቡ ከኪስ ወደ ኪስ ይመላለሳል፣ አስተናጋጇ ጣሪያውን እያየች ትጠብቃለች። በዚያ ትግል አፍር ነበር፤ አሁን ግን ናፈቀኝ። ቢያንስ ባሌ አንዳንዴ ይሸነፋል። እኔም በጠረጴዛው ሥር ጭኑን ቆንጥጬ እንዲሸነፍ የማደርግበት ጊዜ አገኛለሁ። ስልኩ ከመጣ ወዲህ ግን ጋሼ የገንዘብ ቦርሳቸውን ሳያወጡ እሱ አውራ ጣቱን አሳርፎ ይጨርሳል። ወዲያው የእኔ ስልክ «ቲን» ይላል፤ አካውንቱ የጋራችን ስለሆነ ስንት እንደወጣ ይነግረኛል። ያንን ድምፅ ስሰማ በልቤ ለቤቱ ብድር የቀረንን ማስላት እጀምራለሁ።

«‹የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች› የተባለው ላንተ ነው» አልኩት በሦስተኛው እሑድ፣ መኪና ውስጥ።

«ምን አለበት? ሰማንያ ዶላር ነው።»

ሰማንያ ዶላር! በወሩ መጨረሻ የቤቱ ሞርጌጅ ሲቆረጥ ሃያ ዶላር እንኳ እንደማይተርፈን እያወቀ! መሪውን ነጥቄ በእግሩ ልሸኘው ምንም አልቀረኝም።

በአራተኛው እሑድ እጁን ሊታጠብ ሲነሳ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ተወው። ጋሼና እትዬ ሜኑውን እያዩ ነበር። አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ምሳውን በልቼ የማላውቀውን ያህል ጣፍጦኝ በላሁ።

ሒሳቡ መጣ። ባሌ ኪሱን ዳበሰ፤ ጃኬቱን ዳበሰ፤ ተነስቶ ወንበሩን አየ።

«ስልኬን አይታችኋል?»

እኔ ግድግዳውን አየሁ።

«ዛሬ ገና አገኘሁህ!» አሉ ጋሼ እየሳቁ። የገንዘብ ቦርሳቸውን አወጡ። አንድ ካርድ መዘዙ፣ አዩት፣ መለሱት። ሌላ መዘዙ። የእትዬ ትከሻ ትንሽ ዝቅ ሲል አየሁ፤ እጃቸው በጠረጴዛው ሥር ሄዷል። እኔ ያንን ትከሻ አውቀዋለሁ፤ ባሌን ስቆነጥጥ የእኔም ትከሻ እንዲሁ ነው የሚሆነው። ቀና ብዬ ፊታቸውን ሳይ ዓይናቸውን ሰበሩ።

ያን ጊዜ ነው የባነንኩት። ጋሼ ሁለት ሳምንት ካምፕ ሠርተው ሁለት ሳምንት ቤት የሚያርፉ ነበሩ። ታዲያ አራት እሑድ በተከታታይ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ፊት ለፊቴ ተቀምጠው እየበሉ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋቸውም። የራሴን ሳሰላ የሰው ችግር አልታየኝም፤ በራሴ አፈርኩ።

ስልኩን አውጥቼ በጠረጴዛው ሥር ባሌ እጅ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ክፈል» አልኩት በሹክሹክታ።

አንዴ አየኝና «ጋሼ፣ አፈር ስሆን!» ብሎ ዘሎ ተነሳ። ቦርሳዬ ውስጥ «ቲን» አለ።

ተሰናብተናቸው መኪና ውስጥ ገባን።

«ጋሼ ከሥራ ወጥተዋል» አልኩት።

«አውቃለሁ። ከእኔ በፊት ነው የወጡት፤ ለሰው እንዳልናገር ለምነውኛል።»

«እኔ ሰው ነኝ? ሚስትህ አይደለሁም? እሺ፣ ያንተንስ ያውቃሉ?»

«ከነገርኳቸው እንድከፍል ይፈቅዱልኛል?»

ይህ ይበልጥ አናደደኝ። ያን ሁሉ ሳምንት ስቆነጥጠው፣ ስነታረከው፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ! የቤታችንን በር ከፍተን እንደገባን፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፣ የሥራ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። ተጨማሪ ሺፍት እንድትሰጠኝ ጠየቅኋት።

«መቼ መሥራት ትችያለሽ?» አለችኝ።

«በፈለግሽው ቀን» አልኳት፤ «ከእሑድ በቀር።»