ቢላ አልነበረም፣ ጥርሴ ነው

ቤሩት፣ ኦዛይ የሚባል ሰፈር ባህሩ ዳር ላይ ነው የያዙን። ጠዋት ነበር፤ የሰፈሩ አናጢዎች መጋዝ ገና መጮህ መጀመሩ ነው። የማዘጋጃ ቤቱ ተኳሾች የጎዳና ውሾቹን ወደ ውሃው ነድተው መሸሻ አሳጧቸው። ከዚያ በአደን ጠመንጃ እየመቱ ጭነት መኪና ላይ ይወረውሯቸው ጀመር። አሸዋው በደም ርሶ እግር ላይ ይጣበቃል። ከሬሳው ክምር ላይ አንዲት ቡናማ ውሻ አንገቷን ቀና አደረገች። አልሞተችም። የታችኛው መንጋጋዋ ግን የለም።

ዶክቶራ ቀሚሳቸውን ሰብስበው መኪናው ላይ ወጡ።

ዶክቶራ የምላቸው አሠሪዬን ነው። ስልሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሽበታቸውን ትከሻቸው ላይ የሚለቁ የእንስሳት ሐኪም ነበሩ። የአገራቸው የእርስ በርስ ጦርነት ካበቃ በኋላ ከጥቂት ወዳጆቻቸው ጋር የእንስሳት መብት ማኅበር አቋቁመው፣ ስለ ውሾቹ ግድያ ጋዜጣ ላይ ይጽፉ ነበር፤ ፎቶ አንስተውም ያወጣሉ። እኔ ከስፖንሰሬ ቤት ጠፍቼ ዶራ ሰፈር ውስጥ ከአገሬ ልጆች ጋር ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማ የሚሉት፣ አልነበረኝም። ክሊኒካቸውን ለማጽዳት ገብቼ ቀስ በቀስ ቁስለኛ መያዝም ለመድኩ። የወሎ እስላም ቤት ልጅ ነኝ፤ እኛ ቤት ውሻ ከደጅ አያልፍም። መጀመሪያ ሰሞን እጄ እስኪላጥ እታጠብ ነበር። ዶክቶራ አይተው ምንም አላሉኝም፤ ሌላ ሳሙና ገዝተው አስቀመጡልኝ።

ያን ቀን መኪናው ላይ የወጡት ውሻዋን በመርፌ ሊያሳርፏት ነበር። መርፌውን ሳይወጉ የተኳሾቹ አለቃ ፀጉራቸውን ይዞ ወደ ታች ጣላቸው። በጠመንጃው ሰደፍ ጎናቸውን ሲመታቸው እንጨት ሲሰበር የምሰማ መሰለኝ። ሁለተኛ ሊመታ ሲያነሳ እጁ ላይ ተጠመጠምኩና ነከስኩት። ደሙ አፌ ውስጥ ገብቶ እንኳ አልለቀቅኩትም። ከኋላዬ ራሴን መቱኝ። ከዚያ የማስታውሰው የፖሊስ ጂፕ ወለል ነው፤ ዶክቶራ አጠገቤ ተኝተው ስለ እኔ ሳይሆን ስለ ውሻዋ ይጠይቃሉ። «አሳርፈዋት ይሆን?» ይሉኛል። እኔ ምን አውቃለሁ።

ክፍሉ ምድር ቤት ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ሽታው መታኝ፤ ሽንት፣ እርጥብ ብርድ ልብስ፣ በረኪና። ጥግ ላይ ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ከከተማው ደቡብ ዳርቻ ከዳሒዬ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። ልጇን ፈልገው ሲያጡት እሷን ይዘዋት ነው። በምን እንደገባን ጠየቀችን። ዶክቶራ ጎናቸውን እንደያዙ ነገሯት።

«ያኒ፣ ማለቴ፣ ለውሻ?» አለች። «ለውሻ ብላችሁ ነው እዚህ የገባችሁት? ባሌ መንገድ ላይ ወድቆ ሲቀር ማን ጮኸለት? ስንት ዓመት ሙሉ እዚህ አገር ሰው ሲታረድ የት ነበራችሁ?»

ዶክቶራ ቆጣ አላሉም።

«እዚሁ ነበርኩ» አሏት። «የሰው ሐኪም ሲጠፋ ሰው ወደ እኔ ያመጡ ነበር። ለውሻ በማዘጋጀው ክር ሰው ሰፍቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ሲተኩስ የነበረውን ሰውዬ አውቀዋለሁ። ያን ጊዜም ኬላ ላይ ቆሞ ሲተኩስ አውቀዋለሁ። ያው ሰው ነው።»

 ሴትየዋ ብርድ ልብሷን ወደ ዶክቶራ ገፋ አደረገችው።

መጀመሪያ የጠሩት እኔን ነው። መርማሪው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። ሻይ አዘዘልኝ።

«አንቺ እንግዳ ነሽ» አለኝ። «ከዚህ ነገር ውስጥ የለሽበትም። የሰውዬው እጅ ቆስሏል። አሮጊቷ ናት በቢላ የወጋችው፤ አይደል?»

ያኔ ገባኝ። የተኳሾቹ አለቃ ወንድም ትልቅ ባለሥልጣን መሆኑን በኋላ ሰማሁ እንጂ፣ ዶክቶራን በቢላ በመውጋት ከስሰው ማኅበራቸውን መዝጋት እንደፈለጉ እዚያው ወንበር ላይ ገባኝ።

«ቢላ አልነበረም» አልኩት። «ጥርሴ ነው። እኔ ነኝ የነከስኩት።»

«ቢላ ነው በይ። ኢቃማሽን ዛሬውኑ አሠርቼልሽ በዚያ በር ትወጫለሽ።»

ሻዩን ተመለከትኩ። እውነቱን ልናገርና፣ አፌ ውስጥ «ቢላ» የሚለው ቃል ተዘጋጅቶ ነበር። አንድ ቃል ነው። ዶራ ያለው ፍራሼ፣ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሳቅ፣ የእናቴ ዓይን ሁሉ ከዚያ ቃል ወዲያ ቆመው ታዩኝ።

«ጥርሴ ነው» አልኩት።

ሻዩን ፊቴ ላይ ደፋው። ሌሎች ሁለት ሰዎች ገብተው እግሬን ወንበር ላይ አሰሩና ውስጥ እግሬን በኤሌክትሪክ ገመድ ገረፉኝ። የመጀመሪያዎቹ ይቃጠላሉ። ከዚያ በኋላ ሕመሙ እግር ላይ አይቀርም፤ ጭንቅላት ውስጥ ይገባል። በየመሃሉ ቆም እያሉ «ቢላ በይ» ይሉኛል። በአረብኛ ስመልስላቸው ቆይቼ መጨረሻ ላይ በአማርኛ እጮህ ነበር፤ ቃሉ ግን ያው ነው። መርማሪው ተነሣ፣ የቁልፍ ዘለላውን ጡጫው ውስጥ ጨበጠ።

«የትኛው ጥርስ ነው?» አለኝ፤ አሁንም ድምፁ ለስላሳ ነው።

ከንፈሬ ተሰነጠቀ፤ የፊት ጥርሴ ወለሉ ላይ ወደቀ።

እኔን መልሰው ዶክቶራን ወሰዷቸው። መርማሪው ራሱ መጥቶ፣ ረጅሙን ፀጉራቸውን እጁ ላይ ጠምጥሞ ኮሪደሩን በሙሉ እየጎተተ ነው የወሰዳቸው። ጩኸታቸው ይሰማን ነበር። የዳሒዬዋ ሴት ጆሮዬን በመዳፎቿ ያዘችልኝ፤ የራሷን የሚይዝላት አልነበረም።

ሲመልሷቸው የቀኝ እጃቸው ጣቶች ጠቁረው አብጠዋል። የጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ አስገብተው ዘግተውባቸዋል። የሚሰፉበት እጅ ነው። ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ስለ ጣታቸው የሚያወሩ መስሎኝ ስጠብቅ፣

«ፀጉሬ ነው» አሉኝ። «ጣቴንስ ቻልኩት። በፀጉሬ ሲጎትተኝ ግን ጮህኩ። ፊታቸው መጮህ አልፈልግም ነበር።»

«ይቀመጡ፣ ዶክቶራ» አልኳቸው።

እግሬ መቆም ስለማይችል ተንበርክኬ ከኋላቸው ሆንኩ። ከምሳው ሳህን ላይ የተረፈች የወይራ ዘይት ነበረች፤ በጣቴ ጠርጌ ፀጉራቸውን ቀባሁት። ማበጠሪያ የለም፤ በጥፍሬ ነው የከፈልኩት። ቀጭን ሹሩባ፣ ከጭንቅላታቸው ላይ የተጣበቀ፣ አጥብቄ ሠራሁላቸው። እህቶቼን ስሠራ እንኳ እንደዚያ አጥብቄ አላውቅም። የተነቀለው ቦታ ላይ ስደርስ ትንፋሻቸው ይቆረጣል፤ እኔም እቆማለሁ፤ «ቀጥዪ» ይሉኛል። የዳሒዬዋ ሴት ከአባያዋ ጠርዝ ክር እየመዘዘች ጫፍ ጫፉን አሰረች፤ የተረፈውንም ጭራ ወደ ውስጥ ጠቀለለችው።

ዶክቶራ በግራ እጃቸው ራሳቸውን ዳሰሱ። «ሹ ሃይዳ? ምንድን ነው ይሄ?» ብለው ፈገግ አሉ። «እናቴ ብታየኝ አታውቀኝም።»

በማግሥቱ መርማሪው መጣ። እጁን ወደ ራሳቸው ሰደደ። ጣቶቹ ዘይቱ ላይ ተንሸራተቱ። እንደገና ሞከረ፤ የሚጨበጥ ነገር አጣ። እኛ ሁላችንም እያየነው ነበር፤ እሱም እንደምናየው አውቋል። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ያላ፣ ተነሺ» አላቸው።

ዶክቶራ ግድግዳውን ይዘው ተነሡ፤ በፊቱ አልፈው በእግራቸው ወጡ።

የማኅበሩ ሰዎች ጠበቃ ይዘው መጡ፤ ጋዜጣም ጻፈ። ቢላ አየሁ የሚል ሰው ስላልተገኘ ክሱ ወደቀ። ዶክቶራ ተፈቱ። እኔን ኢቃማ የላትም ብለው ከአገር አስወጡኝ። ስንለያይ የተሰነጠቀውን ከንፈሬን ሳይነኩ ግንባሬን ሳሙኝ። የዳሒዬዋ ሴት እዚያው ቀረች። ምን እንደሆነች አላወቅኩም።

በኋላ በስልክ ስናወራ ቀኝ እጃቸው መርፌ እንደማይዝ፣ ወጣት ሐኪሞች አጠገባቸው አቁመው በቃል እያዘዙ እንደሚያሰፉ ነገሩኝ። የውሾቹ ግድያስ ቆመ ወይ አልኳቸው። «አልቆመም» አሉኝ። «እኛም አላቆምንም።»

አሁን ደሴ ነው የምኖረው፤ ጨርቅ እሸጣለሁ። ቤሩት መታሰሬን የሰማ ሰው በምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። ብዙዎቹ ስለ ወረቀት ወይም ከማዳሜ ስለመጣላት እንድነግራቸው ይጠብቃሉ። ለውሻ ነው እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። አልቆጣም። ስቀው እስኪጨርሱ ጨርቄን እያጠፍኩ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ እነግራቸዋለሁ።