መሄጃውን የሚያውቅ ብረት

ልጅ ሳለሁ፣ ጋምቤላ መብራት በጠፋ ምሽት ሁሉ የሰፈራችን ልጆች ከወርቅ አንጥረኛው ጎረቤታችን ከጋሽ ኑሩ በረንዳ አንጠፋም ነበር። ወናፉ ሲነፋ የከሰሉ ፍም ፊታችንን ይለበልበናል፣ ጭሱ የባሮ ወንዝን ትንኝ ያባርርልናል፣ እሳቸውም ከዲማ የመጣ ወርቅ እያቀለጡ ተረት ይነግሩናል። ያኔ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ወርቁ ሲፈስ አፍ ይዘጋል። በተረቱ ውስጥ ጅቡ በሩን ሊሰብር ደርሶ እንኳ ቢሆን፣ ወርቁ ከማቅለጫው ወደ ቅርጹ እስኪገባ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። አፌ ለማያርፈው ለእኔ ይህ ትልቅ ቅጣት ነበር።

ጋሽ ኑሩ በዲማ መንገድ ከመኪና ወድቀው እግራቸው ስለተሰበረ፣ አጥንታቸው በብረት ተይዞ ነበር። አጥንቱ ሲገጥም ብረቱ ይውጣ ቢባሉ «ሁለተኛ አልቀደድም!» ብለው እምቢ አሉ። ክረምት ሲገባ ይጠዘጥዛቸዋል። ያኔ ቅልጥማቸውን እያሹ አንድ ተረት ይደጋግሙልን ነበር። የአንድ ደሃ ቤት ምሰሶ ተሰብሮ ጎጆው ሊወድቅ ሲል፣ አንድ እንግዳ ገብቶ ጣሪያውን በጫንቃው ደገፈ፤ ባለቤቱ ከአጠገቡ የተከለው ዛፍ አድጎ ጣሪያውን እስኪሸከም ቆመ፤ አንድ ጠዋት ሲነሱ እንግዳው የለም።

«ሳይሰናበት?» አልኳቸው ተቆጥቼ።

«ልጄ፣ ደግ እንግዳ ሥራው ሲያልቅ ቤት አያጣብብም። መሄጃውን ያላወቀው የኔው ነው» ብለው እግራቸውን መታ መታ አደረጉና ሳቁ። ሳቃቸው ከልብ አልነበረም።

በኋላ ብረቱ ያለበት እግራቸው አመረቀዘ። ሪፈር ተጽፎላቸው ወደ ጅማ ተወሰዱ፤ አልተመለሱም።

አሁን አዲስ አበባ፣ አንድ ቤተ ሙከራ ውስጥ፣ ለተሰበረ አጥንት የሚሆን ብረት እናቀልጣለን። የጨው ጠጠር ቅርጹ ውስጥ እንጠቀጥቅና፣ ከሌላ ብረት ጋር የተቀላቀለ የቀለጠ ዚንክ እናፈስበታለን። ሲበርድ ጨውን በውሃ አሟሙተን እናወጣዋለን፤ ብረቱ እንደ እንጀራ ዓይን ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። አጥንት በቀዳዳዎቹ እየገባ ሲያድግ፣ ብረቱ ቀስ በቀስ ሰውነት ውስጥ ሟሙቶ እንዲያልቅ ነው ሐሳባችን። በምናፈስበት ጊዜ ዛሬም ቃል አይወጣኝም፤ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።

ብረቱን ቀደም ብለን እግሩ ላይ የሞከርንበት በግ ሰሞኑን ራጅ ተነሣ። ብረቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል፤ በቦታው አጥንት ሞልቷል። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ ወደ ውጭ ወጥቼ ጋምቤላ እናቴ ዘንድ ደወልኩ። ነገሩን ስነግራት፣ «ምነው ጋሽ ኑሩ በደረሱበት!» አለችኝ። ያን ጊዜ አለቀስኩ።

አንድ ቀን ለሰው ይደርሳል፣ ለስንቱ እግር ይተርፋል ይሉኛል፤ ያድርገው። እኔ ግን ስጀምር ያሰብኩት አንድ እግር ብቻ ነበር።