የገብሬ በቅሎ

ዛሬ ጠዋት ኮምፒውተሬ «ጢን» ብሎ ላይብረሪ ጎድሎኛል የሚል ጽሑፍ ቢያወጣብኝ፣ እኔ ጅል ሽማግሌ ምርኩዜን አንስቼ፣ ባጃጅ ተሳፍሬ፣ ደብረ ማርቆስ ካለው ቤተ መጻሕፍት ሄድኩና «ልጄ፣ ዘግታችኋል እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ነገሩን ስትሰማ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች።

«አባባ፣ የመጽሐፍ ላይብረሪ አይደለም እኮ! ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን፣ ማለቴ ፕሮግራሞቹ የሚኖሩበትን ቤት፣ ቀይረውታል?»

«የእህቴ ልጅ ቀየረችልኝ፤ ቫይረስ በዛበት ብላ።»

«እንግዲያው ፕሮግራሙ ደህና ነው። በድሮ ቤቱ የሚያግዙት ነበሩ፣ ላይብረሪ የሚባሉት እነሱ ናቸው። አዲሱ ቤት ውስጥ ስለሌሉ ነው አልሠራ ያለው።»

ልስቅ ስል አባቴ ትዝ አለኝ።

አባቴ ጨዋታ አዋቂ ነበር፤ በመርጡለ ማርያም። እኔ ስድስት ዓመት ሲሆነኝ ደምበጫ ገባን፣ ጨዋታው ግን ትቶት የመጣውን አገር ሰው ሁሉ የሚያነሳ ስለነበር አዲሶቹ ጎረቤቶች አይገባቸውም ነበር። ክረምት ላይ ጣሪያችን ሲያፈስ «ሙሌ ገባ!» ይልና ጉሮሮውን ጠርጎ ሳቁን ይጠብቅ ነበር፤ ሰዉ ዝም ሲል እናቴ ቀበል አድርጋ «ሙሌ ሳይጠሩት ድግስ የሚገባ ያገራችን ሰው ነው» ትላለች፣ ያኔ ቤቱ በሳቅ ይሞላል። እንዳይረሳም የእያንዳንዱን ጨዋታ ፍቺ እኔን ታስጠናኝ ነበር።

መስከረም ላይ፣ አደዩ ሳይረግፍ፣ እናቴ ሞተች።

ጥር ሲገባ ጎረቤት ሰርግ ተጠራን፤ ያለ እናቴ ድግስ የማይደምቅበት ቤት ነበር። አባቴ ዳሱ ደጃፍ ሲደርስ ቆሞ ቀረ።

«አያ ታከለ፣ ግባ እንጂ! ምን ይገትርሃል?» አለው ባለ ሰርጉ።

«የገብሬ በቅሎ ሆኜ ነው» አለ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ወደ እኔ አየ።

ፍቺውን አውቀው ነበር። ያገራችን ሰው የገብሬ ሚስት ከሞተች በኋላ በቅሎዋ ሟቿ ትወርድበት የነበረ ደጃፍ ሁሉ ላይ እየቆመች አልንቀሳቀስም ትል ነበር። እኔ ግን ጓደኞቼ ፊት በአባቴ አፈርኩና «እኔ ምን አውቃለሁ!» አልኩ። አንዱ «በቅሎ ነኝ አለ እኮ!» ብሎ ሲጮህ ዳሱ በሳቅ ተናጋ፤ እኔም፣ የማልረባው፣ አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲያ አባቴ እስኪሞት ድረስ ከ«እህ» እና ከ«ይሁን» በቀር ጨዋታ ከአፉ አልወጣም።

ኮምፒውተሩ እንኳ የጎደለውን በስሙ ጠርቶ ይጠይቃል፣ የእህቴ ልጅም ነገ መጥታ ታሟላለታለች። አባቴ ግን ዐይን ዐይኔን ብቻ ነው ያየኝ። የዚያች የአንዲት በቅሎ ፍቺ እስከ ዛሬ ዕዳ ሆኖ አለብኝ።