ጋሼ እስኪመለስ

በወረቀት ፋብሪካው ሁሉም ሰው «ተተኪዋ» ነው የሚላት። የፈረቃ አለቃውም፣ የመጋዘን ጠባቂውም፣ በር ላይ የሚፈትሹት ሽማግሌም «ተተኪዋ ገባች? ተተኪዋ ወጣች?» ይላሉ እንጂ እናቷ ያወጣችላትን ስም የሚያስታውስ የለም። ቅጽል ስሙ የወጣላት ሥራ በጀመረች ዕለት ነው። ፎርሙ ላይ «የሥራ መደብ» የሚል ቦታ ነበረ። ምን ብላ እንደምትሞላው ግራ ገባትና «የወንድሜ ተተኪ፣ እስኪመለስ» ብላ ጻፈች። ጸሐፊው ሳቀና ለጓደኛው አሳየ፤ ጓደኛውም ለሌላ። ሳምንት ሳይሞላ ስሟ ሆኖ ቀረ። ይሄ ከሆነ ሃያ አንድ ዓመት አለፈው።

ወንድሟን «ጋሼ» ነበር የምትለው። በዘጠኝ ዓመት ይበልጣታል። እናትና አባታቸው በአንድ ዓመት ውስጥ ተከታትለው ሲያልፉ እሷ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ እሱ አሥራ ሰባት። ትምህርቱን ትቶ ፋብሪካ ገባ። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን አበጥሮ፣ አጣሞም ቢሆን ጎንጉኖ ትምህርት ቤት የሚልካት እሱ ነው። «ወላጅ አምጪ» ስትባልም ቱታውን እንደለበሰ ከወላጆች መሀል ይቀመጣል። መምህሩ አንድ ቀን «አንተ ደግሞ የማን ወላጅ ነህ?» ቢሉት፣ «የዚች ነኝ፤ ትንሽ ቸኩዬ ወለድኳት» ብሎ ክፍሉን በሳቅ አፈረሰው።

ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው ሠራተኛው «ቅመም ቤት» በሚለው ክፍል ነበር። ወረቀቱ ከመጋገሩ በፊት፣ ገና እንደ ቀጭን አጥሚት ሲፈስ፣ ስታርቹም ሬዚኑም ሌላውም ኬሚካል የሚመጠነውና የሚጨመረው እዚያ ነው። ሥራውን ይወደዋል። አንድ ምሽት ሁለት ቁራጭ ወረቀት ይዞ ገባና መታጠቢያው ውስጥ ነከራቸው።

«በይ ሳቢያቸው» አላት።

አንደኛው ገና ሲነካ እጇ ላይ ቀለጠ። ሁለተኛውን ግን ብትስበው፣ በጥርሷ ብትይዘው፣ ወይ ፍንክች።

«ወረቀት ማለት እጅ ለእጅ የተያያዘ የእንጨት ክር ነው» አላት። «ስታርች ስትጨምሪበት አያያዛቸው ይጠብቃል፤ ግን ደረቅ እስከሆኑ ድረስ ነው። ውሃ ሲመጣ ይላቀቃሉ። ሬዚኑ ነው ውሃም ቢመጣ እንዳይለቁ የሚያደርገው።»

ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቅመም ቤት አብራው መዋል ጀመረች። ፓምፑ ሲያስል ከድምፁ ታውቀዋለች። ስታርቹ በስሎ እንደሆነና እንዳልሆነ ጠብታውን በጣቶቿ መሀል አሽታ መናገር ትችል ነበር።

ሃያ ዓመት ሲሞላት፣ ሬዚኑን የሚሸጠው የባሕር ማዶ ድርጅት አንድ ሠራተኛ ለስድስት ወር ሥልጠና ጋበዘ። ጋሼ ተመረጠ። ሥራ አስኪያጁ «ቦታህን ማን ይሸፍናል?» ቢሉት፣ «እህቴ አለች አይደል፤ ከኔ የቀራት ጢሙ ብቻ ነው» አላቸው። በሄደበት ቀን እስከ አውቶቡስ ጣቢያ ሸኘችው። ሻንጣውን አልለቅ ስትለው፣ «ስድስት ወር ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ስትገልጪ ነው» አላት።

መጀመሪያ በየሳምንቱ ደብዳቤ ይመጣ ነበር። ስድስተኛው ወር ላይ፣ ሥልጠናውን አንደኛ ሆኖ ስለጨረሰ ድርጅቱ መሐንዲስ አድርጎ እንዳስቀረው ጻፈላት። ፎከረች። ደብዳቤውን ለመጋዘን ጠባቂው ሳይቀር አነበበችለት። በሁለተኛው ዓመት ደብዳቤው በወር አንዴ ሆነ፤ በአራተኛው ዓመት ሦስት መስመር የተጻፈበት ፖስት ካርድ መጣ። ከዚያ ወዲያ የውሃ ሽታ ሆነ። የምትልከው ሁሉ ተመልሶ አይመጣም፣ መልስም የለውም።

እሷ ግን ጠበቀች። ሥራ አስኪያጁ «ቋሚ እናድርግሽ» ባሏት ቁጥር «ቦታው የሱ ነው» እያለች እንቢ ትላለች። ከማሽን ክፍል አንድ ደግ ሰው ሊያገባት ጠየቃት። ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ስለነበር አብራው እንድትሄድ ይፈልጋል።

«ጋሼ ሳይመጣማ ቤቱን ዘግቼ የት እሄዳለሁ? ቢመጣ ማንን ያገኛል?» አለችው።

ሰውየው ሁለት ዓመት ጠብቋት ሄደ። አልፈረደባትም። እሷ ግን እሱ ይሠራበት በነበረው ማሽን በኩል ማለፍ ትታ፣ በጓሮ ዞራ መግባት ከጀመረች ስንት ጊዜዋ።

በሃያኛው ዓመት ፋብሪካው የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የሚገዛ ትልቅ ደንበኛ አገኘ። የደንበኛው ተቆጣጣሪ ከማሽኑ የወጣውን ወረቀት ገና ትኩሱን ቆርጦ፣ ውሃ ነክሮ ሳበው። ተቀደደ። አለቆቹ ሬዚን ጨምሩ አሉ፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ በላይ በላዩ ተጨመረ። አረፋው ከጋኑ ገንፍሎ ወለሉን ሞላው፣ ሠራተኛው እስከ ቁርጭምጭሚቱ በአረፋ ተራመደ፤ ወረቀቱ ግን ያው ተቀደደ። ተቆጣጣሪው ሻንጣውን አንስቶ «በቃ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እሷ መደርደሪያዋ ላይ ውሃ ደፋች። መደርደሪያውን ያለበሰችው ከመጀመሪያው ጥቅል በተረፈ ቁራጭ ነበር። ልትጥለው አንስታ ስትጨምቀው አልተቀደደም። ደግማ ጎተተችው፤ ፍንክች አላለም። ቀኑን ቆጠረች፤ ከማሽን ከወጣ አሥራ ሁለት ቀኑ። እርጥቡን ወረቀት እንደያዘች እየሮጠች ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ሬዚኑ አላነሰም!» አለቻቸው። «ጊዜ ነው ያነሰው። ማሽኑ ላይ ይጀምራል እንጂ እዚያ አይጨርስም። መጋዘን ውስጥ እያደረ ነው የሚጠነክረው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት እኛ ነን።»

የቀሩትን ጥቅሎች በሙሉ ፈተሹ፤ እንዳለችው ሆነ። ተቆጣጣሪው ተለምኖ መጣ፣ ነከረ፣ ሳበ፣ ፊቱ እስኪቀላ ሳበ። «ይሄ ወረቀት ነው ወይስ ጨርቅ?» አለ።

ለዚህ ውለታዋ ለሦስት ሳምንት ሥልጠና ላኳት፤ ወደዚያው ሬዚን ወደሚሠራው ድርጅት፣ ጋሼ ወዳለበት አገር። የመጀመሪያ ቀን ገና ወንበሯ ሳይሞቅ የወንድሟን ስም ለአሠልጣኟ ነገረቻት፤ «እዚህ መሐንዲስ ነው» አለች። ሴትዮዋ የድሮ መዝገብ አስወጥታ አየች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ሠልጥኗል፤ ግን የመጨረሻውን ፈተና አላለፈም። እዚህ ሠርቶ አያውቅም» አለቻት።

በአሮጌው ፖስታ ላይ በነበረው አድራሻ ሄደች። አራተኛ ፎቅ፣ አረንጓዴ በር። የከፈተላት ሰውዬ ፀጉሩ ሸሽቷል፤ የእጁ ቆዳ በሳሙና ብዛት ነጥቷል። የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነው።

«እንዴት አገኘሽኝ?» አላት በመጨረሻ።

«አድራሻህን አልቀየርክም እኮ።»

«ብትመጪ ታገኚኛለሽ ብዬ» አለና እዚያው በሩ ላይ ቁጭ አለ።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁሉንም ነገራት። ፈተናው በባዕድ ቋንቋ ነበር፤ ወደቀ። «የወደቀ ሠልጣኝ ሆኜ ምን ፊት ይዤ ልመለስ? ትምህርቴን ካቆምኩ ጀምሮ ሁሉም አላዋቂ ይለኝ ነበር። ትንሽ ሠርቼ፣ እንደገና ተፈትኜ እመለሳለሁ አልኩ። እስከዚያው ላንቺ መሐንዲስ ሆንኩ ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ደብዳቤ ሌላ ውሸት ይጠይቀኝ ጀመር። ሲሰለቸኝ መጻፉን ተውኩት።»

ልትቆጣ ፈልጋ ነበር፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመችው ቁጣ ነበራት። የመጣላት ግን ሌላ ነው።

«እኔ እኮ የጠበቅኩት ጋሼን ነው» አለችው። «መሐንዲሱን ማን ጠበቀው?»

አለቀሰ። አባባለችው። ከዚያ «እስቲ ስለ ከረጢቱ ንገሪኝ» አላት፤ ነገረችው። አረፋው ጋ ስትደርስ እንደ ድሮው ከት ብሎ ሳቀ። አሥራ ሁለት ቀን የሚለውን ሲሰማ ግን ሳቁን አቆመና፣ «እኔ አሥራ ሁለት ዓመት እዚያ ክፍል ኖሬ ያላየሁትን አየሽ» አላት። ቀና ብላ ልታየው አልደፈረችም።

ሦስቱንም ሳምንት ከሥልጠና በኋላ ሄዳለች። ሚስቱን አወቀች፤ ዝምተኛና ደግ ሴት ናት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅም አለችው። በመጨረሻው ቀን «እንሂድ ጋሼ» አለችው፤ መልሱን እያወቀች ነው የጠየቀችው።

«ልጄ እዚህ ናት፤ ቤቴ እዚህ ሆኗል» አላት። «ግን ሆዴ አንድም ቀን እዚህ አድሮ አያውቅም።»

ብቻዋን ተመለሰች። ናፍቆቱ ይቀንስልኛል ብላ ነበር፤ ባሰባት። ድሮ የምትናፍቀው አውቶቡስ ጣቢያ ላይ የሸኘችውን ወጣት ነበር፤ እሱ ደግሞ የትም የለም። አሁን የምትናፍቀው ሰው ግን አለ፤ የትኛው ወንበር ላይ እንደሚቀመጥ፣ ጉልበቱን እያሸ እንደሚነሳ ታውቃለች፤ እጇ ግን አይደርስበትም።

እሑድ እሑድ ይደውላል። ባለፈው እሑድ ስልኩን ልጅቷ ነጠቀችውና በተሰባበረ አማርኛዋ፣ «አክስቴ፣ አባዬ ልጅ ሆኖ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ተተኪዋ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠችና፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ወላጆች ስብሰባው፣ ስለ ቱታው ታወራላት ጀመር። ከወዲያ በኩል ሰሃን የሚያጥብ ሰው ነበር፤ ውሃው ሲዘጋ ተሰማት። ጋሼ እየሰማት እንደሆነ አወቀች፤ ድምፅዋን ትንሽ ከፍ አድርጋ ቀጠለች።