ሰክሯል የተባለው አዩብ

አዩብ በዕድሜው አንዲት ጉንጭ አልኮል ቀምሶ አያውቅም። የኮምቦልቻ ሰው ነው፤ ሠላሳ አምስት ዓመቱ፤ አሜሪካ፣ ፎርት ዎርዝ ከተማ፣ አንድ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ይነዳል። ሱሱ ሲጋራ ነበር፤ በቀን አንድ ፓኮ። ከሁለት ዓመት በፊት መስጊድ ውስጥ የደም ግፊት ሲለካ ሚስቱ ሁመይራ ጎትታ አስቀመጠችው፤ መቶ ሰባ ስምንት በመቶ አሥር።

«ግፊት የሽማግሌ በሽታ ነው» አለ እየሳቀ። «የታመመው ማሽኑ ነው።»

ሁመይራ ሐኪም ጋ ወስዳ ክኒን አሳዘዘችለት። አንድ ወር ዋጠና፣ ምንም ስላላመመው ተወው።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ዕቃ አንስቶ ሲዞር ቀኝ እጁ ከመሪው ተንሸራቶ ወደቀ። ሊያነሳው ቢል እምቢ አለው። ፎርክሊፍቱ መደርደሪያ ገጭቶ ቆመ። ሊወርድ ሲሞክር ቀኝ እግሩ ከዳውና በፊቱ ተደፋ።

ነቢዩ ሮጦ ደረሰ። ጋርላንድ ከተማ ባለ የአማርኛ ቸርች የሚያገለግል፣ ለሰው የሚያዝን የሥራ ባልደረባው ነው።

«አዩቤ፣ ምን ሆንክ?»

እጄ አልታዘዝ አለኝ ሊል አፉን ከፈተ፤ የወጣው የተኮላተፈ ጉርምርምታ ብቻ ነበር። ከንፈሩ በአንድ ጎን ወርዶ ምራቁ ይንጠባጠባል።

ነቢዩ ግራ ቀኙን ቃኘ። «ጠጥተሃል እንዴ? ሱፐርቫይዘሩ ካየህ እኮ ከሥራ ፋየር ያደርግሃል!»

ወላሂ አልጠጣሁም! ቃሉ አዩብ ውስጥ ጥርት ብሎ አለ፤ ምላሱ ላይ ሲደርስ ይበተናል። ነቢዩ ብብቱ ሥር ገብቶ በጓሮ በር አወጣውና በአዩብ መኪና የኋላ ወንበር ላይ በቀኝ ጎኑ አጋደመው። ሞተሩን አስነስቶ፣ እንዲቀዘቅዘው ኤሲ ከፈተለት።

«ተኛ፣ ወንድሜ። ለማንም አልናገርም፤ ማለቴ፣ ለሁመይራም ቢሆን።»

በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው።

ስልኩ በተኛበት ጎን ኪስ ውስጥ ነበር። ሁለት ጊዜ ጠራ፤ በግራ እጁ ቢታገልም አልደረሰበትም። ለምሳ የወጡ ሠራተኞች በመስኮቱ በኩል አለፉ። አንዷ ጎንበስ ብላ አየችውና፣ የተኛ መስሏት፣ ወሬዋን ዝቅ አድርጋ ሄደች። ነቢዩ ከሥራ ወጥቶ ሲመጣ አዩብ ከወደቀ ስድስት ሰዓት አልፎት ነበር። የአዩብ ሱሪ ርሷል፤ ዓይኑ ፈጧል። ነቢዩ ያኔ አምቡላንስ ጠራ።

«ስትሮክ ነው» አለች የሆስፒታሉ ዶክተር። «የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ነበረን፤ ግን ሕመሙ ከጀመረ ከአራት ሰዓት ተኩል በላይ ካለፈ አይሰጥም። ደም ያጣው የአንጎሉ ክፍል ሞቷል።»

«በዚህ ዕድሜው?» አለች ሁመይራ።

«በዚህም ዕድሜ ይመጣል። ግፊት ያልታከመ፣ ሲጋራም የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ይብሳል።»

«የሰከረ መስሎኝ ነው» አለ ነቢዩ ወለል ወለሉን እያየ።

ሁመይራ ዞረችበት። «አዩብ? አሥር ዓመት የምታውቀው አዩብ?»

አዩብ ከሦስት ወር በኋላ ከሆስፒታል ወጥቶ ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ወዳለው አፓርትመንቱ ገባ። የሰው ንግግር ይሰማል፣ ይረዳል። ከአፉ የሚወጣው ግን አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ኦኬ»። ሲርበው «ኦኬ»፤ ሲያመው «ኦኬ»፤ ሁመይራ ስታለቅስም «ኦኬ»።

ሁመይራ ሥራ በሄደችበት አንድ ቅዳሜ ነቢዩ መጣና እግሩ ሥር ተንበረከከ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ። ይቅር በለኝ፣ አዩቤ።»

አዩብ ፊቱ ቀላ። ያ መስኮት፣ ያ ኤሲ፣ ቀስ ብሎ የተዘጋው በር ዓይኑ ላይ መጥተው ተደራረቡ። በጤነኛው ግራ እጁ የወንበሩን ክንድ ጨመቀ። በጭራሽ! ሊል ነበር።

«ኦኬ» አለ።

ነቢዩ እንባው ዱብ ዱብ አለ። «እግዚአብሔር ይባርክህ!» ብሎ ስሜት የሌለውን የአዩብን ቀኝ እጅ ደጋግሞ ሳመ።

አዩብ ጮኸ። «ኦኬ! ኦኬ! ኦኬ!»

«ገብቶኛል፣ ወንድሜ፣ ገብቶኛል» አለ ነቢዩ። ቅልል ብሎት ደረጃውን ወረደ።