የአስታራቂው መለኪያ

አባቴን ሰካራም ብሎ የጠራው ሰው የለም። ምነው በጠራው! አንድ ጎረቤት እንኳ ደፍሮ ቢሰድበው ኖሮ ምናልባት ያፍር ነበር፤ አፍሮም ይተው ነበር። እሱ ግን መንገድ ላይ አልወደቀም፣ እናቴን ክፉ አልተናገራትም። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ በሰፈራችን በሴቻ ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳለታል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ሱሰኛ ይለዋል? ሱሰኛ በእኛ ሰፈር ጫቱን ይዞ ጥግ የሚቀመጠው ጎረምሳ ነው።

ከጡረታ በኋላ የአባቴ ሥራ ማስታረቅ ሆነ። የተወለደበት የደጋ ቀበሌ ሽማግሌ አድርጎ መረጠው። እዚያ ጠብ ሲነሳ ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ መሃል ይገባል፤ ሣሩን አልፎ የሚማታ የለም። ነገሩ ተሰምቶ፣ ጥፋተኛው ታውቆ፣ ይቅርታ ከወረደ በኋላ ታዲያ አረቄ ይቀርባል። መርቆ ከመለኪያው መጀመሪያ የሚቀምሰው ሽማግሌው ነው፤ የተጣሉት ከእሱ እጅ ተቀብለው ይጠጣሉ። በዚያ ቀበሌ ልማድ እርቅ የሚታሰረው ያኔ ነው።

እንግዲህ አስቡት፤ ሰው መጣላት አያቆምም። የድንበር ጠብ፣ የውርስ ጠብ፣ የባልና ሚስት ጠብ። አባቴ ከደጋ ሲወርድ የተሳፈረበት ሚኒባስ በሙሉ አረቄ አረቄ ይላል። ስቆጣው "ሥራ ላይ ነበርኩ" ይለኛል እየሳቀ። እኔም እስቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ ሳቁ ደስ ይል ነበር። እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ የሚባለው ይሄ ነው።

ቆይቶ ማለዳም ጀመረ። ለብርድ ነው ይላል። የምን ብርድ! አርባ ምንጭ እኮ ነው፤ ገና በጠዋቱ ሸሚዝ ጀርባ ላይ የሚጣበቅበት አገር። የደጋውን ብርድ በኪሱ ይዞ የወረደ ይመስል። ሳይቀምስ ከዋለ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እናቴ ናት የምትቆልፍለት። እርጅና ነው አልን። ለወደቀ ሰው ስም እናወጣለን፣ ለተከበረ ሰው ግን ሰበብ እንፈልግለታለን። እኔ ራሴ ቡናዬ ካለፈኝ ጭንቅላቴ ይፈነዳል፤ ሐራራዬ ተነሳ ብዬ ቢሮ ውስጥ ሳማርር ሰው ይስቃል እንጂ አይደነግጥም። ሁላችንም የታሰርንበት ነገር አለን፤ የጋራ ከሆነ ልማድ ይባላል።

አንድ ቀን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ተነሳ። ሐኪሙ ጉበቱ ክፉኛ መጎዳቱን ነገረን፤ ከእንግዲህ ወደ አረቄ ከተመለሰ እንደማይተርፍ በግልጽ አስጠነቀቀው። ቤታችን በጠያቂ ተሞላ። ከጠያቂው ግማሹ፣ እንዲያው ትንሽ በማር ቢወስድ ይሻለዋል ባይ ነው። ፕሮቴስታንቷ ጎረቤታችን ደግሞ፣ ወደ እኛ ይምጡ፣ እኛ ጋ ከለስላሳ በቀር የሚቀዳ የለም ብላ አሳቀችን። እሷ ስትወጣ አባቴ፣ እሷም እኮ ያለ ለስላሳ ምሳ አይወርድላትም አለ። እውነቱን ነበር።

ግን አረቄውን ተወ። እውነቱን ልናገር፣ አልጠበቅኩም። ሲያልበው፣ ሲነጫነጭ፣ እንቅልፍ ሲያጣ ከርሞ፣ ቀስ በቀስ እጁ ረጋ። ቁልፉን ራሱ መቆለፍ ጀመረ። አመሻሽ ላይ ሴቻ አፋፍ ላይ ቆመን የአባያ ሐይቅን ቀይ ውሃ ቁልቁል እያየን ስለ ልጅነቱ ያወራኛል። አባቴን እንደ አዲስ ያገኘሁት መሰለኝ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ደጋ ላይ ሁለት ወንድማማቾች በእንሰት ማሳ ድንበር ተጣሉ። ታናሹ ገጀራ አንስቶ የታላቁን ክንድ አቆሰለ። ቀበሌው አባቴን አስጠራ። አትሂድ ብዬ ለመንኩት፤ ሰው ሊገዳደል ነው እንዴት እቀራለሁ አለኝ። እንግዲያው አብሬህ እሄዳለሁ አልኩና ተከተልኩት።

እርቁ ቀኑን ሙሉ ፈጀ። አባቴ ሣሩን ይዞ በዚያ ባረጀ ጉልበቱ ተንበረከከ። ወደ ማታ ግድም ሁለቱም ወንድማማቾች አለቀሱ፣ መለኪያውም ተቀድቶ መጣ። አባቴ ተቀብሎ ረጅም ምርቃት መረቀና፣ ከንፈሩን ሳያስነካ ለታላቅየው ዘረጋለት።

ሰውየው አልተቀበለም። ሽማግሌ ያልቀመሰው እርቅ፣ ሽማግሌው ራሱ ያላመነበት እርቅ ነው፤ እንዲያ ነው የሚያውቁት። ታናሽየው ፊቱ ጠቆረ። እዚያ ቦታ ላይ ሴት ተነስታ እንድትናገር ወግ አይፈቅድም፤ እኔ ግን ተነሳሁ። ታሟል፣ ሐኪም ከልክሎታል፣ ይሄ ነገር ይገድለዋል፣ እባካችሁ በውሃ ይሁን አልኩ። አንድ ሽማግሌ በውሃ እርቅ አይታሰርም አሉ።

ታላቅየው አባቴን ትክ ብሎ አየው።

"ጋሼ፣ ለስንቱ ጠጥተው ለእኛ ሲሆን ታመሙ?"

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። እምቢ በላቸው ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እሺ ይበልጣል ከሺ እያለ ያሳደገኝ ሰው እምቢታን ከየት ያምጣው? ይሉኝታ ከሞት ይበልጥ ያስፈራው ነበር። ጨለጠው። ከእሱ ቀጥሎ ወንድማማቾቹ ጠጡ፣ ተቃቀፉ፣ ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ብቻዬን እየተቃጠልኩ ቆምኩ።

ወደ ታችኛው የከተማችን ክፍል ወደ ሲቀላ ስንወርድ መኪናው ውስጥ እጄን ያዘኝ።

"አንዷ ናት ልጄ። በአንዷ ሁለት ሰው ተረፈ።"

አንዷ ብትሆንማ! ለእነዚህ ከጠጣ ለሚቀጥሉት ምን ብሎ ይከለክላል? በሚቀጥለውም እርቅ ጠጣ። የማለዳውም ተመለሰ፤ እናቴም ቁልፉን መቆለፍ ጀመረች። ክረምቱን ሳይጨርስ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሁለቱ ወንድማማቾች ከደጋ አብረው ወረዱ። ትከሻ ለትከሻ ቆመው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እርቃቸው አልፈረሰም፤ ማሳውንም ዛሬ አብረው ነው የሚቆፍሩት። ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ። ታላቅየው አጠገቤ ተቀመጠና፣ ሊያጽናናኝ ብሎ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስለ አባቴ መሰከረ።

"እንደዚያ ታመው፣ እንደሚገድላቸው እያወቁ ጠጥተውልናል። እንዲህ ያለ ሰው ከየት ይገኛል?"

ለካ ያን ቀን የነገርኩትን አምኖኝ ነበር። ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው፣ እውነት ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው አይገኝም እያለ ራሱን ነቀነቀ። እኔ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣልኩት፤ አይዞሽ አሉኝ።