ወፍጮው ዝም ሲል

በቀኝ እጇ ብቻ ከሰፌዱ ገብስ ውስጥ እንክርዳድ ትለቅማለች። ግራ እጇን ከነጠላዋ ስር አላወጣችውም። ደብረ ታቦር፣ አንድ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ አጠገቤ የተቀመጠች፣ ስሟን የማላውቃት ልጅ ናት። ነጠላዋ ንጹሕ ነው፤ የላስቲክ ጫማዋ ግን ግራና ቀኙ የተለያየ ነው፤ ተቻኩላ እንደወጣች ያስታውቃል።

ስልኳ በጮኸ ቁጥር ወደ ወፍጮው ታዞረዋለች። "ይኸው፣ ስማው" ትላለች። ባሏ እዚህ መሆኗን የሚያምነው የወፍጮውን ጩኸት ሲሰማ ነው።

"ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አልኋት።

"ስለምወድሽ ነው ይለኛል፣ እናቴ።"



ድንገት መብራት ጠፋና ወፍጮው ቆመ። ስልኩ ወዲያው ጠራ። ልታነሳው ስትጣደፍ ግራ እጇ ወጣ፤ አንጓዋ ላይ የጣቶች ምልክት ጠቁሯል።

"እባክዎ፣ እርስዎ ይንገሩልኝ" ብላ ስልኩን ሰጠችኝ።

"ልጄ፣ መብራት ጠፍቶ ነው፤ እዚሁ አጠገቤ ናት" አልሁት።

"አንቱን ደግሞ ማን አስጠናዎት?" ብሎ ዘጋው።

ስልኩን ከእጄ ተቀብላ፣ ሰፌዱን አስቀምጣ፣ ነጠላዋን እየጎተተች ሮጠች።

ጥቂት ቆይቶ መብራቱ መጣ። ባለወፍጮው "ይሄ ገብስ የማን ነው?" እያለ ይጣራ ጀመር። ተራዋ ደርሶ ነበር።